ሲነበብ አንድ፣ ሲጻፍ ሁለት

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በጅጋ አልፎ ወደ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ከተማ ስሟ በሦስት መልክ ተጽፎ ይታያል፤ በአንዱ ሰሌዳ ላይ «ፍኖተ ሰላም» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ በሌላው «ፍኖተሰላም» ተብሎ ተጋጥሞ፣ በደብዳቤና በመኪና ታፔላ ላይ ደግሞ «ፍ/ሰላም» ተብሎ በእዝባር አጥሮ ይነበባል። ከማንኩሳ ወዲያ ያለችው ቡሬ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም፤ ስሟ አንድ ወጥ ቃል በመሆኑ የሚከፈልበትም የሚጋጠምበትም ስፌት የለውም። በሁለቱ ከተሞች ስም መካከል ያለው ይህ ልዩነት፣ አማርኛ ጸሐፊዎች በየዕለቱ የሚጋፈጡትን፣ ነገር ግን እምብዛም ቆም ብለው የማይመረምሩትን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም ሁለት ቃላት አንድ ነገር ሲሰይሙ ተጋጥመው ይጻፉ ወይስ ተለያይተው የሚለው ነው። ጉዳዩን የሰሌዳ ጸሐፊ ግድየለሽነት አድርጎ መተው ይቀላል፤ ይሁን እንጂ ግድየለሽነት የሚባለው ቃል ራሱ «ግድ የለሽ» ከሚል ሐረግ ተጋጥሞ የተወለደ መሆኑ፣ ነገሩ ከሰሌዳው አልፎ ወደ ቋንቋው ጓዳ እንደሚገባ ያመለክታል።

በመጀመሪያ ክፍተቱን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በሁለት ቃላት መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ በግእዝ ፊደል ታሪክ ውስጥ የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በጥንታዊ የድንጋይ ላይ ጽሑፎች ቃልን ከቃል የሚለየው ቁም መስመር ነበር፤ በብራና ላይ ደግሞ ሁለት ነጥብ (፡) ይህን ሥራ ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ሁለት ነጥብ የሚታይ ምልክት ስለሆነ ቁም ጸሐፊው መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ከፈለገበት ፊደል ላይ ቆርጦ ቀሪውን ወደሚቀጥለው መስመር ያወርድ ነበር፤ አንባቢውም ነጥቦቹን እስኪያገኝ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ ስለሚያውቅ አይሳሳትም፣ የአውሮፓ ጽሑፍ በመስመር መጨረሻ ላይ የሚጠቀምበት አጭር ሰረዝም አላስፈለገውም። የጽሕፈት መኪናና ዘመናዊው ማተሚያ ቤት ሲስፋፉ ግን ሁለት ነጥቡ ቀስ በቀስ ለባዶ ቦታ ስፍራውን ለቀቀ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ሲገባ ሁለት ነጥብም የራሱን ቁጥር ይዞ የገባ ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ የዕለት ተዕለት ጽሑፍ በአብዛኛው ትቶት ነበር። ለውጡ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ነጥብ መጻፍ እጅን የሚያዝ ሥራ ሲሆን ባዶ ቦታ ግን ምንም ያለማድረግ ውጤት ነው፤ ስለዚህ የቃላት ድንበር በጸሐፊው ውሳኔ የሚተከል ምልክት መሆኑ ቀርቶ ሳይታሰብ የሚገባና ሳይታሰብ የሚወጣ ነገር ሆነ።

«ፍኖተ ሰላም» የግእዝ ስም ነው፤ ፍኖት ማለት መንገድ ሲሆን፣ «ፍኖተ ሰላም» ማለት የሰላም መንገድ ነው። ከተማዋ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ደብረ ማርቆስም እንዲሁ በቅዱስ ማርቆስ ስም ከመጠራቷ በፊት መንቆረር ነበረች። በሁለቱም ዘንድ ስፌት የሌለው አንድ ቃል ተነሥቶ ስፌት ያለው የግእዝ ስም ተተክቷል ማለት ነው፤ ስም የለወጡት ሰዎች ለወደፊት የሰሌዳ ጸሐፊዎች ምን ዓይነት ዕዳ እንደተዉ አላሰቡትም ይሆናል። በግእዝ ሰዋስው ሁለት ስሞች እንዲህ ሲያያዙ የፊተኛው ስም የመጨረሻ ፊደል ከሳድስ ወደ ግእዝ ይለወጣል፤ ፍኖት «ፍኖተ»፣ ደብር «ደብረ»፣ ቤት «ቤተ» ይሆናል። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ይህን አያያዝ ተናባቢ ይሉታል፤ የፊተኛውን ቃል ባለቤት፣ የኋለኛውን ዘርፍ ብለው ይለያሉ። ተናባቢ የሚለው ስያሜ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ መጻፍ አይደለም፣ አብሮ ስለ መነበብ እንጂ። ጎጃም በቅኔ ቤቶቿ በዋሸራና በጎንጅ የምትታወቅ ምድር በመሆኗ ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ ይልቅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ተማሪውም ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ የተባሉትን የንባብ ዓይነቶች በጆሮው እየለየ ሲያድግ፣ ተናባቢዎቹ በሁለት ነጥብ ቢለያዩም ባይለያዩም በአንድ ትንፋሽ መነበብ እንዳለባቸው ያውቃል። ማያያዣው ክር ያለው በድምፁ ውስጥ፣ በፊተኛው ቃል መጨረሻ ላይ ባለው የግእዝ ድምፅ ውስጥ ነው፤ «ፍኖተ» ብሎ የቆመ ሰው ንግግሩን እንዳልጨረሰ ያስታውቃል። ባዶ ቦታው ይህን ክር ሊበጥሰው አይችልም፤ ማጋጠሙም የሚጨምርለት ነገር የለም።

አማርኛ ይህን ክር ከግእዝ ተቀብሎ በራሱ ቃላት ላይም ይሠራበታል። «ሆደ ሰፊ» በሚለው አጠራር ውስጥ ሆድ የአማርኛ እንጂ የግእዝ ቃል አይደለም፣ ግእዙ ከርሥ ነውና፤ ሆኖም ተናባቢው ያለ ችግር ተሠርቷል። ልበ ሙሉ፣ እጀ ጠባብ፣ እግረ መንገድ የመሳሰሉትም እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን አማርኛ ከዚህ ሌላ የራሱ አያያዝ አለው፤ ይኸውም ሁለት ስሞችን ያለ ምንም የድምፅ ለውጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። «ባሕር ዳር» የባሕር ዳርቻ እንደማለት ሲሆን፣ ዋናው ቃል ዳር በመጨረሻ ይገኛል፤ በ«ፍኖተ ሰላም» ግን ዋናው ቃል ፍኖት በመጀመሪያ ነው። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንጅባራ ኮሶ በር ተብላም ትጠራለች፤ ይህም የባሕር ዳርን ሥርዓት የተከተለ ነው። በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉ ከተሞች በሁለት ተቃራኒ የሰዋስው ሥርዓት ተሰይመው ሳለ፣ የመጋጠምና የመለያየት ችግሩ ግን ሁሉንም እኩል ያገኛቸዋል።

ቤት የሚለው ቃል በሁለቱም ሥርዓት ስለሚገባ ከሁሉ የተሻለ ማሳያ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ክርስቲያን የግእዙን ሥርዓት ሲከተሉ፣ ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤትና ሥጋ ቤት የአማርኛውን ይከተላሉ። የብዙ ቁጥር አሠራራቸው ስፌቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ትምህርት ቤት ሲበዛ «ትምህርት ቤቶች» ይባላል፣ ምልክቱም በጥምሩ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን ግን «ቤተ ክርስቲያኖች» ከመባሉ በተጨማሪ በግእዙ ደንብ «አብያተ ክርስቲያናት» ይባላል፤ ውስጡ ተከፍቶ ሁለቱም ክፍሎች በየራሳቸው ይበዛሉ። ሊከፈት የሚችል ስፌት ገና ሁለት ቃላት እንዳሉ ምስክር ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንን ለያይቶ የሚጽፈው ሰው ጠንካራ መከራከሪያ አለው። በሌላ በኩል «ቤተሰብ» ከዚያው ከቤት ከተወለዱት ተናባቢዎች አንዱ፣ ቤትና ሰብ የተያያዙበት ሆኖ ሳለ፣ «ቤተ ሰብ» ብሎ የሚጽፈው ዛሬ ጥቂት ነው፤ ቃሉ ሰዎቹን እንጂ ቤቱን ስለማያስታውስ፣ ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው አንድ ጣሪያ የማይጋሩ ሰዎችም ቤተሰብ መባላቸው አልቀረም። «እግዚአብሔር» የሚለው ስምም እግዚእና ብሔር የተናበቡበት፣ የአገር ጌታ የሚል ፍች ያለው ጥምር ነው፤ በጸሎት መካከል ይህን ስፌት የሚያስብ ምእመን ግን የለም። ማድቤት ደግሞ ከማዕድ ቤት የመጣ ሲሆን፣ የዐይኑ ድምፅ ከመካከሉ ጠፍቶ ለሁለት ቢከፈል «ማድ» የሚባል ትርጉም የለሽ ቁራጭ ስለሚተርፍ መጋጠሙ ግድ ሆኗል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በጃቢ ጠህናንም ሆነ በወምበርማ፣ በቆሎና በርበሬ የሚያመርተው ሰው በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ገበሬ ከመባል ይልቅ «አርሶ አደር» ይባላል፤ ይህ ጥምር ከስምና ስም የተሠራ አለመሆኑ ከቀደሙት ይለየዋል። «አርሶ» ከማረስ የወጣ ቦዝ አንቀጽ ሲሆን፣ ቦዝ አንቀጽ የሚባለው ብቻውን ዐረፍተ ነገር የማይዘጋ፣ ሌላ ግሥ የሚጠብቅ ግሥ ነው፤ «አደር» ደግሞ ከማደር የተገኘ ሲሆን፣ ማደር እዚህ ላይ መተዳደር ነው። ግሥ በመሆኑ «አርሶ» እንደ ባለቤቱ መለወጥ ነበረበት፤ ሴቲቱ አርሳ፣ ሰዎቹ አርሰው ይባላሉና። በዚህ ጥምር ውስጥ ግን ግሡ ደርቆ ቀርቷል፤ እርሻ የያዘች ሴት አርሶ አደር እንጂ «አርሳ አደር» አትባልም፣ በርካታ ሰዎችም አርሶ አደሮች እንጂ «አርሰው አደሮች» አይሆኑም። ግሥ እርባታውን ካጣ ከግሥነት ወጥቶ የሌላ ቃል አካል ሆኗል ማለት ስለሆነ፣ «አርሶአደር» ብሎ የሚያጋጥመው ጸሐፊም የሚሟገትበት ማስረጃ አለው። ከአንድ ቀለም በስተቀር ልዩነት የሌለው «አርሶ አደረ» ግን ሰውየው ሌሊቱን ሲያርስ እንዳነጋ የሚናገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እርሱን ማጋጠም አይቻልም። የአደር ዘመዶች ከዚህ በተለያየ ርቀት ላይ ይገኛሉ። ወታደር፣ ብዙዎች ወጥቶ ከሚያድር ሰው ጋር የሚያያይዙት፣ ፈጽሞ ቀልጦ አንድ ቃል ሆኗል፤ በአብዮቱ ዘመን የፖለቲካ ጽሑፎችን ያጥለቀለቀው ወዝ አደር «ወዛደር» ወደ መሆን ሲያዘግም፣ ሠርቶ አደርና አርብቶ አደር ከአርሶ አደር ጋር በደጃፉ ቆመዋል። ከዚህ የሚታየው መጋጠም በአንድ ቀን የሚታወጅ ነገር ሳይሆን ቃላት በየራሳቸው ፍጥነት የሚጓዙበት መንገድ መሆኑ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ደንብ ለማሰር የሚደረግ ሙከራም ያልደረሰውን ለማስደረስ፣ የደረሰውን ለመመለስ ይገደዳል።

«ባለ» የሚለው ቅጥያም የዚህ ጉዞ ታሪክ አለው። ምንጩ በግእዝ «በዓለ» ሲሆን፣ የአንድ ነገር ጌታ ወይም ባለቤት ማለት ነው፤ ስለዚህ እርሱም የተደበቀ ተናባቢ ነው። ባለ አገር «ባላገር»፣ ባለ አባት «ባላባት» ሆነው ተዋሕደዋል። «ባለቤት» ተጋጥሞ ሲጻፍ የንብረት ጌታ ወይም የትዳር ጓደኛ ነው፤ «ባለ ትልቅ ቤት» በሚለው ውስጥ ግን ባለ የሚይዘው ቃልን ሳይሆን ሐረግን ነው፣ ስለዚህም መለየት አለበት። በከተማ ማስታወቂያዎች ላይ «ባለ 4 ፎቅ» የሚለው የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ባለሙያና ባለሥልጣን ተጋጥመው መጻፋቸውም እንዲሁ ምክንያት አለው። እዚህ ላይ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ባለ አንድ ቃል ሲይዝና የተለመደ ስያሜ ሲፈጥር ይጋጠማል፣ ከኋላው ሐረግ ሲከተለው ይለያል።

አንድ ፊደል ያላቸው መስተዋድዶች፣ ማለትም ከስም በፊት እየገቡ ቦታን፣ ጊዜንና ምክንያትን የሚያመለክቱት በ፣ ለ፣ ከ እና የመሳሰሉት፣ ሁልጊዜ ከሚከተላቸው ቃል ጋር ስለሚጋጠሙ አያከራክሩም፤ የሚያከራክሩት ከአንድ ፊደል በላይ ያላቸው፣ ስለ፣ እንደ፣ ወደ፣ እስከና ያለ ናቸው። የእነዚህን መጋጠምና መለያየት ያለ ስሕተት የሚያልፈው ጸሐፊ ጥቂት ነው። «እንደገና» ተጋጥሞ ሲጻፍ ዳግመኛ ማለት ሲሆን፣ «እንደ ገና» ተለያይቶ ሲጻፍ በታኅሣሥ መጨረሻ የሚከበረውን በዓል ያስታውሳል። በንግግር ሁለቱ አይምታቱም፤ በበዓሉ ስም ውስጥ «ና» ይጠብቃል፣ በሌላው ይላላልና። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ግን ልዩነቱን የመሸከም ዕዳ በባዶ ቦታው ላይ ይወድቃል። «ያለ» ከዚህም ይከፋል፤ «ያለ ሥራ» ሲላላ ሥራ አጥነትን፣ ሲጠብቅ በእጅ የሚገኝን ሥራ ይገልጻል፤ ተቃራኒ ትርጉሞች አንድ መልክ ለብሰው ይመጣሉ። ያለአግባብ፣ ያለጥርጥር ብሎ ማጋጠም አለመኖርን ለሚገልጸው ብቻ ቢወሰን ኖሮ አንባቢን በብዙ ይረዳ ነበር፤ ደንቡ ግን በሥራ ላይ ሲውል አይታይም። «ምናለ» ምኞትን ወይም ቸል ማለትን ሲገልጽ፣ «ምን አለ» ጥያቄ ነው። «ስለዚህ» ግን በዚህ ምክንያት ለማለትም፣ «ስለዚህ ጉዳይ» በሚለው ውስጥ ጉዳዩን ለመጠቆምም ያው ተጋጥሞ ይጻፋል፤ አንባቢ የሚለየው ከቦታው ነው። አንዳንዴ መጋጠሙ ራሱ ጨለማ ይሆናል፤ «የበላይ ትእዛዝ» የሚለው ከላይ ካለ አካል የመጣ ትእዛዝም፣ የጎጃሙ አርበኛ የበላይ ዘለቀ ትእዛዝም ሊሆን ይችላል፣ የ ከስሙ ጋር ተጣብቋልና።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተለው የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ተማሪ ይህንኑ ችግር በባዕድ ቋንቋ እንደገና ያገኘዋል። «ኤቭሪ ዴይ» ተለያይቶ ሲጻፍ በየቀኑ ማለት ሲሆን፣ «ኤቭሪዴይ» ተጋጥሞ ሲጻፍ ስምን የሚገልጽ ቅጽል ሆኖ የዘወትር፣ ተራ ማለት ነው፤ የዘወትር ልብስ እንደሚባለው። «ሜይ ቢ» ሁለት ሲሆን ሊሆን ይችላል የሚል ግሥ ነው፣ «ሜይቢ» አንድ ሲሆን ደግሞ ምናልባት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያምታታ ምክንያት አለው፤ ምናልባት በአእምሮው አንድ ቃል ስለሆነ የእንግሊዝኛውንም ሁለት ክፍል አይመለከተውም፣ አማርኛውን ራሱን «ምን አልባት» ብሎ የሚለያይ ጸሐፊ መኖሩም አያጽናናውም። «ሎግ ኢን» መግባትን የሚያዝ ግሥ ሲሆን ይለያያል፣ የመግቢያው ስም ሲሆን ይጋጠማል፤ ለዚህ ግን አማርኛ ግሩም አቻ አለው፤ «ማን አለብኝ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስም ሲሆን «ማንአለብኝነት» ተብሎ ይታተማል። የእንግሊዝኛው ደንብ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነም ተማሪው ቢነገረው ይበጃል፤ ዛሬ ማለት የሆነው «ቱዴይ» እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በመካከሉ ሰረዝ ገብቶበት ይጻፍ ነበር። እንግሊዝኛ አማርኛ የማያደርገውን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ማንኛውንም ጥቁር ወፍ የሚገልጸውን «ብላክ በርድ» ለይቶ ሲጽፍ፣ አንዱን የወፍ ዝርያ ብቻ የሚሰይመውን «ብላክበርድ» ያጋጥመዋል፣ ሲናገርም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያጸናዋል። አማርኛ ነጭ ሽንኩርትን ለያይቶ ይጽፋል፤ በቡሬ ገበያ ግን ነጭ ሽንኩርት ግዢ የተላከ ልጅ ነጭ ቀለም ያለው የሽንኩርት ራስ ይዞ አይመለስም።

መዝገበ ቃላት፣ ስሙም ራሱ ተናባቢ ሆኖ፣ ክርክሩን ይዘጋዋል ተብሎ ቢጠበቅም አልዘጋውም። የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ ሥራ በ1962 ሲታተም ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነበር፤ የ እና አማርኛ ሲገናኙ የሚሰማውን መዋሐድ ከነድምፁ ስለጻፈው ያማርኛ የሚለው ለዘመኑ አንባቢ ዐይን ያልተለመደ ሊመስል ይችላል፣ ለጆሮ ግን ታማኝ ነው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ደግሞ «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ይባላል፤ የ የሚለውን ፈጽሞ ትቶታል። ለተራ አንባቢ ልዩነቱ የጣዕም ሊመስል ይችላል፤ ለኮምፒውተር ግን «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተሰላም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ በአንዱ አጻጻፍ የተመዘገበ ሰነድ በሌላው ሲፈለግ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

ይህ በሰው ስም ላይ ሲመጣ ይብሳል። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያምና ኃይለ ሚካኤል ተናባቢ ስሞች ናቸው፤ በአገር ውስጥ መታወቂያ ላይ ተጋጥመውም ተለያይተውም ይጻፋሉ፣ በደብዳቤ ደግሞ ገ/ሥላሴ ተብለው ያጥራሉ። እዝባር ስፌቱን የሚያሳይ ቢመስልም የሚታመን ምስክር አይደለም፤ ዶ/ር እና ወ/ሮ አንድ ቃል ሆነው ሳሉ ተመሳሳይ ምልክት ይዘዋልና። ስሙ ተለያይቶ ተጽፎ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን የውጭ አገር ቅጽ የመጀመሪያውን ቃል የሰውየው ስም፣ ሁለተኛውን የአባቱ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ ባለስሙም በሕክምና ቀጠሮ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ «ገብረ» ተብሎ ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ያለውን ስም ማሳጠር ቢፈልግ «ገብረ» ላይ አይቆምም፤ የቁልምጫውን ድምፅ ጨምሮ «ገብሬ»፣ «ወልዴ»፣ «ኃይሌ» ይላል፣ የተከፈተውን ጫፍ ይዘጋዋል። በድምፅ ማጉያ የሚጠራው «ገብረ» ግን አገልጋይነቱ ለማን እንደሆነ ሳይነገር፣ ዘርፉን እየጠበቀ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።